ይህ ጠገራ ብር ስንት ደረጃ ያወጣል? ፎቶው የሚናገረውና የሚደብቀው

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አንዲት እህት ከእናታቸው ሣጥን አንድ ጠገራ ብር አግኝተው አራት ፎቶ ልከዋል። ሳንቲም የሚሰበስቡ አንድ ዘመዳቸው ፎቶውን አይተው «ይሄማ ሰው አልነካውም፣ ኤምኤስ 63 ይወጣዋል» አሏቸው። ሊገዛው የመጣ ነጋዴ ደግሞ «ንስሩ አልቋል፣ ቪኤፍ ነው። በዚያ ላይ ተወልውሏል። በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ዋጋ ብቻ እከፍላለሁ» አለ። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት ማን ልክ እንደሆነ ነው። 1780 የሚል ስላለበትም «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

መልሱን ላስቀድም። እኔ ከፎቶዎቹ እንዳየሁት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መበላቱ በሁለቱ ግምት መሐል፣ ኤክስኤፍ 45 አካባቢ ነው፤ የደረጃዎቹን ፊደልና ቁጥር ትርጉም ከታች አስቀምጣለሁ። ግን ተወልውሏል። ዘመድዎ በጣም ለግሰውለታል። ነጋዴው ስለ መወልወሉ ልክ ነው፣ ስለ ንስሩ ግን ልክ አይደለም። ወይም ልክ እንዳልሆነ እያወቀ ዋጋ ለማውረድ ተጠቅሞበታል፤ ይሄም ያጋጥማል። 1780 የሚለው ቁጥር ደግሞ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም።

ከዚህ በኋላ ያለው ማብራሪያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ። የሳንቲም ደረጃ ከ1 እስከ 70 ይቆጠራል። መለኪያውን ያወጣው ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1949፣ ለአሜሪካ ትላልቅ የመዳብ ሳንቲሞች። መነሻው የዋጋ ስሌት ነበር፤ 70 የተሰጠው ሳንቲም 1 የተሰጠውን 70 እጥፍ ያወጣል በሚል። የዋጋው ስሌት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፣ ቁጥሮቹ ግን ቀሩ። ዛሬ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው በፕላስቲክ ሲያሽጉ የሚጽፉት ይህንኑ ቁጥር ነው። ቪኤፍ ከ20 እስከ 35 ነው፤ በደንብ የዞረ ግን ዋና ዋና መስመሮቹ ያልጠፉ። ኤክስኤፍ 40 እና 45 ነው፤ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ የተበሉ። ኤዩ ከ50 እስከ 58 ነው፤ መበላቱ የሚታየው ፈልገውት ነው። ኤምኤስ የሚጀምረው ከ60 ነው፤ ገበያ ላይ ጭራሽ ያልዋለ ማለት ነው። ስለዚህ ዘመድዎና ነጋዴው የተለያዩት በጥቂት ነጥብ አይደለም። አንዱ «አልዞረም» ሲሉ ሌላው «ብዙ ዞሯል» ነው ያለው።

አሁን ወደ 1780። ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያ ዓመት ኅዳር ነው። ገንዘቧ ግን ከእሷ ጋር አልሞተም። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች ያንን መልክ ለምደውት ነበር፤ ሌላ መልክ ያለው ብር ሲቀርብላቸው አይቀበሉም። ስለዚህ የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያዎች ምስሉንም ዓመቱንም ሳይቀይሩ ማተማቸውን ቀጠሉ። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ፕራግ አትመውታል። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የማተሚያ ቅርጹን ከቪየና አስወስዶ ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። ጠገራ የሚፈልጉ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የቤልጅግ ነጋዴዎችም ነበሩና ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ የየራሳቸውን አተሙ። በኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩ። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። በጠቅላላው የታተመው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢዎች ታትማለች።

ስለዚህ የእርስዎ ጠገራ የ18ኛው ክፍለ ዘመንም ሊሆን ይችላል፣ የ1930ዎቹም። ይህን የሚለዩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ እንዴት እንደተሠራ፣ የንስሩ ጅራት ላባዎች አደራደር፣ ከምስሉ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የላቲን ፊደሎች መጠንና ቅርጽ። ፊደሎቹ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር የነበረው የጉንዝቡርግ ገንዘብ ማተሚያ ኃላፊዎች የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። በላኩት ሁለተኛ ፎቶ የንስሩ ጅራት ላይ የመስኮቱ ብርሃን ወድቆ ላባዎቹን ነጭ አድርጓቸዋል። ያ ፎቶ ካልተደገመ የትኛው ማተሚያ ቤት እንደሆነ መናገር ግምት ይሆናል። ደረጃውን ግን ማየት ይቻላል፤ መበላት የሚታየው ሌላ ቦታ ነው።

ሳንቲም የሚበላው ከፍ ብሎ ከወጣው ቦታ ነው። በጠገራ ብር የምስሉ ገጽ ላይ ቀድሞ የሚሄደው ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉር፣ ከዚያ ትከሻዋና በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ፣ ከዚያም በራሷ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ናቸው። በባለ ሁለት ራሱ ንስር ገጽ ደረቱ ላይ ያለው ጋሻ፣ የክንፎቹ ትከሻ፣ የሁለቱ ራሶች ላባና ከላይ ያለው ዘውድ ናቸው።

አያቶቻችን ይህን ሥራ ያለ ማጉያ መነጽር ሠርተውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች እንደጻፉት ገበያተኛው ጠገራ ሲቀበል የራስ ጌጧን ዕንቁዎች፣ የትከሻዋን ጌጥና ከሥር ያሉትን ሁለት ፊደሎች አገላብጦ ያያል። አንዱ ከጠፋ ወይ ይመልሰዋል ወይ ዋጋ ይቀንሳል። ተጓዦቹ ነገሩን እንደ ግትርነት ቆጥረውት ተማረዋል። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አይታየኝም። የዛሬ መርማሪ መብራት አብርቶ የሚያያቸው ቦታዎች እነዚያው ናቸው። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲወጣ ስንቅና የጭነት ከብት የሚገዛበት ገንዘብ ይኸው ብር ብቻ ስለነበረ ቪየና ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ጠገራ አሳትሟል።

እንግዲህ የእርስዎን እንይ። በመጀመሪያው ፎቶ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉር ክሮቹ ተያይዘው አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ሠርተዋል። ቦታው ከዙሪያው ይልቅ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። የትከሻዋ ጫፍም እንደዚያው። የጌጡ ዕንቁዎች ግን ተለያይተው ይቆጠራሉ፤ የራሷ ላይ ያሉትም። ይህ የኤክስኤፍ መልክ ነው። ገበያ ላይ ውሏል፣ ብዙ ግን አልተንገላታም። ጸጉሯ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ባይኖር ኤዩ ልለው እችል ነበር። ኤምኤስ ግን በምንም መንገድ አይሆንም። መበላት በግልጽ ከታየ 60 እና ከዚያ በላይ የሚባል ነገር የለም፣ የቀረው ቢያብረቀርቅም።

ነጋዴው «አልቋል» ያለው የንስሩ ደረት ላይ ያለውን ጋሻ ነው። እውነት ነው፣ የጋሻው መሐል ላይ መስመሮቹ ደብዝዘዋል። ግን ዙሪያውን ይመልከቱ። የክንፎቹ ላባዎች እስከ ጫፋቸው ስለታም ናቸው። የሁለቱ ራሶች ዓይን ይታያል። መበላት ቢሆን ኖሮ ጋሻውን ብቻ መርጦ አይበላም ነበር። ደግሞ የደበዘዘው ቦታ ቀለም ከዙሪያው አይለይም። በምስሉ ገጽ የጸጉሯ ቦታ ግን ተለይቶ ነበር። ይህ ሲታተም ጀምሮ ያልወጣ ቦታ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከጋሻው በስተጀርባ፣ በሌላኛው ገጽ፣ የንግሥቲቱ ጉንጭና አንገት አለ። እዚያ ምስሉ በጣም ከፍ ይላል። ሲታተም ብረቱ ያንን ጥልቅ ቦታ ለመሙላት ይሄድና ጋሻው ጋ ያንሳል። የትልልቅ ሳንቲሞች የተለመደ ችግር ነው። ደረጃ የሚያወጣ ሰው ይህን ከመበላት ለይቶ ነው የሚያየው።

ይህን ልዩነት በፎቶ ለመያዝ የምጠቀመው ዘዴ ቀለም ማየት ነው። የተበላ ቦታ በእጅ፣ በኪስና በከረጢት ስለታሸ ገጹ ተለውጧል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይፈዝዛል። ያልታተመ ቦታ ግን የመጀመሪያ ገጹን እንደያዘ ነው። ቅርጹ ደካማ ይሆናል እንጂ ቆዳው ያው ነው።

አሁን ትልቁ ነገር፣ መወልወሉ። ዘመድዎን ያሳሳታቸውም ይኸው ይመስለኛል፤ ሳንቲሙ ነጭና ብሩህ ነው፣ ስለዚህ አዲስ መሰላቸው።

አዲስ የታተመ ብር ላይ ያለው ብልጭታ ከቀለም የሚመጣ አይደለም። ሳንቲም በከባድ ኃይል ሲመታ ብሩ ከመሐል ወደ ዳር ይፈሳል፤ ሲፈስም በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮችን ይተዋል። ብርሃኑን የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ሳንቲሙን መብራት ሥር ሲያዘነብሉት ብርሃኑ ምስልና ፊደል በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ እየዞረ ይሄዳል። ሲወለወል እነዚያ መስመሮች ይጠፋሉ። ብሩ ያበራል፣ ብርሃኑ ግን አይዞርም፤ አንድ ቦታ ላይ ፈጥጦ ይቀራል። ይህ መዞር ደግሞ በቆመ ፎቶ አይታይም። ፎቶ ጉዳትን በደንብ ያሳያል፣ ሳንቲሙ ያልተነካ መሆኑን ግን ማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ ከፎቶ ደረጃ ስናወጣ ሳንቲሙን ዝቅ ለማድረግ በቂ ማስረጃ ልናገኝ እንችላለን፣ ከፍ ለማድረግ ግን በጣም መጠንቀቅ አለብን። «ኤምኤስ 63» በፎቶ ብቻ የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ወይ ሊሸጥልዎ ነው ወይ ይወድዎታል።

የእርስዎ ሳንቲም መወልወሉን ያጋለጠው በፍላሽ የተነሣው ሦስተኛው ፎቶ ነው። መጥፎ ፎቶ ነው፣ ግን ጠቅሞኛል። ከምስሉ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣሉ። ፊደሎቹ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ፊደሎቹን አልፈው እንደገና ይቀጥላሉ። ከገበያ የመጣ ጭረት እንዲህ አይሰለፍም። ወደ ሁሉም አቅጣጫ፣ አጭርም ረጅምም እየሆነ ይበታተናል። ሌላው ምልክት ጥቁረቱ ነው። በፊደሎቹ ጥግና በጸጉሯ እጥፋት ውስጥ ጥቁር ነገር ቀርቷል፣ ሜዳው ግን ፍጹም ነጭ ነው። ጨርቅ የደረሰበት ነጣ፣ ያልደረሰበት ጠቆረ። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ በራሱ ይጠቁራል፣ ግን ሲጠቁር ሜዳውንም አብሮ ነው።

በሎሚና በአመድ ይሁን፣ በጥርስ ሳሙና፣ ወይም በሱቅ ፖሊሽ፣ ከፎቶ አይለይም። እናትዎ ቢሆኑም አይፍረዱባቸው። ቤት ውስጥ ያለ ብር ለዓመት በዓል መወልወሉ ለኛ ንጽሕና ነው። ሰብሳቢ ግን ያንን ጥቁረት እንደ ሳንቲሙ ቆዳ ይቆጥረዋል፤ ከተነሣ አይመለስም። ትላልቆቹ የደረጃ ድርጅቶች እንዲህ ላለው ቁጥር አይሰጡም። «ዝርዝሩ ኤክስኤፍ፣ የጸዳ» ብለው ይጽፉበታል፣ በቃ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ የለብኝም። በሜዳው ላይ ያለ መስመር ሁሉ ጭረት አይደለም። የማተሚያው ቅርጽ ራሱ ሲጠገንና ሲወለወል ጭረት ይይዛል፤ ያ ጭረት ሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ጭረት የምንለው ደግሞ ወደ ውስጥ የገባውን ነው። በፎቶ ዓይን በቀላሉ ይታለላል፤ ከፍ ያለው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ከፍ ያለ ይመስላል። መፍትሔው መጀመሪያ ፊደሎቹን ማየት ነው። ፊደል ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው። ጥላው በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ ይዩ። ከዚያ መስመሩን ይዩ። ጥላው እንደ ፊደሉ በዚያው ጎን ከሆነ መስመሩ ከፍ ያለ ነው፣ ከማተሚያ ቤት ነው። በተቃራኒው ከሆነ ጭረት ነው። የእርስዎዎቹ በተቃራኒው ናቸው።

የቀረው አራተኛው ፎቶ ነው፤ የጎኑ። ደብዝዟል። ግን ከራሷ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ ቀለሙ የተለየ ነገር አየሁ መሰለኝ። ይህን የምጠረጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠገራ ብር በአገራችን ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ጌጥም ነበር። አንጥረኛ ቀለበት ይበይድበትና በአንገት ይንጠለጠላል። በኋላ ቀለበቱ ይነሣል፣ ብየዳው ይሞረዳል። ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም የለም። ጎኑን ሲያዩት ግን በላቲን የተጻፈው «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ»፣ ማለትም ፍትሕና ምሕረት የሚለው የንግሥቲቱ መፈክር፣ ከአንድ ቦታ ላይ ተበልቶ ይገኛል። ጎኑን ያላየ ሰው የጠገራ ደረጃ አውጥቻለሁ ማለት አይችልም። የብየዳ ምልክት ካለ ከመወልወሉ ይልቅ ዋጋ የሚጥለው እሱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ፎቶ ድጋሚ ያንሱልኝ። ፍላሽ ይጥፋ። ሳንቲሙ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ፣ ስልኩ ልክ ከላይ ይሁን፣ የጠረጴዛ መብራት በአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ይብራ። አንዱ የንስሩ ገጽ፣ ሁለቱ የጎኑ፤ ጎኑ ላይ ሳንቲሙን ሁለት መጽሐፍ መሐል አቁመው ዙሪያውን እያዞሩ። ከዚያ መብራት ሥር ቀስ ብለው እያዘነበሉ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ብርሃኑ ይዞር እንደሆነ የሚያሳየኝ እሱ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ያለ ማሳመሪያ ሁሉ ይጥፋ። ሰው ፊት የሚያለሰልስ መተግበሪያ ጭረትም ያለሰልሳል። ሲልኩት በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ትንንሾቹ መስመሮች ይጠፋሉ።

ይመዝኑትም። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው መሆን ያለበት፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ። ጥቂት አሥረኛ ግራም ቢጎድል የመበላት ነው። ሁለት ሦስት ግራም ከጎደለ ግን ስለ ደረጃ ማውራት አቁመን ስለ ሐሰተኛነት እናወራለን። ከፎቶው ግን የሚያሰጋ ነገር አላየሁም። ብረት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ከሆነ ፊደሎቹ ክብ ክብ ይላሉ፣ ሜዳው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል፤ የእርስዎ ፊደሎች ጥጋቸው ጥርት ያለ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ነው፤ ነጋዴዎች በሚቆጥሩበት ኦውንስ ሩብ የጎደለው አንድ ማለት ነው። የአንድ ኦውንስ ንጹሕ ብር የዕለቱን ዋጋ በ0.75 ያባዙት። ከዚያ በታች የሚሰጥ ሰው ጋ አይደራደሩ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን እትም ከሆነ፣ ተወልውሎም፣ ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ ለደረጃ ድርጅት መላኪያና ማሸጊያ መክፈልም ኪሳራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እትም ከሆነ ግን ቢወለወልም ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ ያኔ መላኩ ትርጉም ይኖረዋል።

በነገራችን ላይ ሣጥኑን ደግመው ይፈትሹ። ከጠገራ ጋር አብሮ የሚቀመጥ የምኒልክ ብር ሊኖር ይችላል። ፓሪስ ላይ የታተመ፣ በመጠንም በክብደትም ጠገራን እንዲተካ የተሠራ፣ አንበሳ ያለበት። በእሱ ላይ የደረጃ ነገር ሌላ ጨዋታ ነው። ብዛቱ ከጠገራ ጋር አይወዳደርም፣ ያልተበላው ደግሞ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ከኤክስኤፍ ወደ ኤዩ አንድ እርከን ሲወጣ ዋጋው ይዘላል። ካገኙት በጨርቅ እንኳ አይንኩት። ጠርዙን ይዘው ያውጡና እንዳለ ፎቶ ያንሱት።

ጠገራውም ቢሆን ድጋሚ አይወልወል፣ አይታጠብ። ፊደሎቹ ጥግ ያለው ጥቁረት እንዳለ ይቆይ። ነጋዴውን «እስክመለስ ጠብቀኝ» ይበሉት፤ የጅራቱን ላባዎችና ጎኑን ሳላይ የመጨረሻ ቃል አልሰጥም።